«ውኃ ይጠጡ» ከማለታችን በፊት
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የዛሬው ንግግሬ ስለ ሆድ ድርቀትና ስለ ሆድ መነፋት መሆኑን አስቀድመው የሰሙ አንዳንድ ወዳጆቼ ፈገግ ብለው ተመለከቱኝ። ፈገግታቸውን አልነቅፍም። በየጉባኤያችን ስለ ሳንባ ነቀርሳ፣ ስለ ወባ፣ ስለ እናቶችና ሕፃናት ሞት ሲነገር ኖሯል፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን በተመላላሽ ሕክምና ክፍላችን ደጃፍ ከሚሰለፈው ሕዝብ መካከል «ሆዴን ይነፋኛል፤ ውጭ ከወጣሁ ቀናት አልፈዋል» የሚለው ቁጥሩ ቀላል እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እርሱም ሲናገር ያፍራል፤ እኛም ስንሰማ እንቸኩላለን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ይሁን እንጂ በሽተኛው የሚደብቀው አንዳንድ ጊዜ የሚጠይቀው ሰው ስላጣ ነው።

ነገሬን ከራሴ ስሕተት እጀምራለሁ። ሥራ በያዝሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በዐቢይ ጾም ወራት፣ ዕድሜያቸው ስድሳ ዓመት ያለፈ አንዲት እናት እሠራበት ወደነበረው ክሊኒክ መጡ። ሆዳቸው እንደሚነፋ፣ ውጭ ከወጡም አምስት ቀን እንደሆናቸው በሹክሹክታ ነገሩኝ። እኔም ከወረቀቴ ቀና ሳልል «እማማ፣ ውኃ አብዝተው ይጠጡ፤ ጎመንም ይብሉ» ብዬ፣ የሚያስቀምጥ ክኒን ሰጥቼ አሰናበትኋቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ፤ ክኒኑን ደገምሁላቸው። በሦስተኛው ጊዜ ሲመጡ ግን የተቀበሏቸው በዚያ ክሊኒክ ብዙ ዘመን ያገለገሉ አንጋፋ ነርስ ነበሩ። እኒህ ነርስ ወንበራቸውን አስጠግተው ተቀመጡና በመጀመሪያ ደም ታይቷቸው እንደሆነ፣ ክብደታቸውም ቀንሶ እንደሆነ ጠየቁ፤ ሆዳቸውንም ዳሰሱ። የሚያሰጋ ምልክት አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ «እማማ፣ ውኃ የሚጠጡት መቼ መቼ ነው?» አሏቸው።

«ከቅዳሴ መልስ ትንሽ እቀምሳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አልነካውም ልጄ።»

«ስለ ምን?»

«የግቢያችን ሽንት ቤት ለስምንት ቤተሰብ አንድ ነው፤ ከቤቴም ይርቃል። ማታ ጨለማ ነው፤ ውሻም አለ። በሌሊት ከምነሣ ጥሜን ብችለው ይሻለኛል።»

እኔ በሁለት ጉብኝት ያላገኘሁትን ምክንያት እርሳቸው በሁለት ጥያቄ አገኙት። እኒያ እናት የውኃን ጥቅም ከእኔ ባላነሰ ያውቁ ነበር። የጎደላቸው በሰላም ሊደርሱበት የሚችሉት መጸዳጃ ቤት ነበር። እኔ ግን ያን ሳልጠይቅ ምክር ሰጠሁ፤ ምክሩም ትክክል ሆኖ ሳለ ሳይጠቅም ቀረ። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፦ በሽተኛውን የሚረዳው ውኃ የጎደለው ውኃ ነው፤ ስለምን እንደጎደለ ያልጠየቀ ነርስ ደግሞ ሊሞላው አይችልም።

አሁን ውኃ በሆድ ውስጥ ምን እንደሚሠራ በአጭሩ እንመልከት። በአንድ ቀን ወደ አንጀታችን የሚገባው ፈሳሽ በጠቅላላው ወደ 9 ሊትር ይጠጋል። ከዚህ ውስጥ በምግብና በመጠጥ የምናስገባው 2 ሊትር ያህል ሲሆን፣ የቀረው 7 ሊትር ከምራቅ፣ ከጨጓራ፣ ከሐሞት፣ ከቆሽትና ከራሱ ከአንጀቱ የሚመነጭ ነው። አብዛኛውን ትንሹ አንጀት መልሶ ወደ ደም ያስገባዋል። ወደ ትልቁ አንጀት የሚያልፈው 1.5 ሊትር ገደማ ነው፤ በመጨረሻ ከዐይነ ምድር ጋር የሚወጣው ግን ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። እንግዲህ በለሰለሰና በደረቀ ዐይነ ምድር መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ብርጭቆ ውኃ ያነሰ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሰውነት ውኃ ሲያጥረው ያለውን ይቆጥባል። ኩላሊት ሽንቱን ያወፍራል፤ ትልቁ አንጀትም የቀረውን እርጥበት ይመጥጣል። ዐይነ ምድሩ በአንጀት ውስጥ በዘገየ ቁጥር ውኃው ይበልጥ ይመጠጣል፤ በደረቀም ቁጥር ለመውጣት ያስቸግራል። በዚህ ላይ በትልቁ አንጀት የሚኖሩት ረቂቃን ሕዋሳት ያልተፈጨውን ምግብ ሲያብላሉ አየር ይፈጠራል። መንገዱ ሲዘጋ አየሩ መውጫ ያጣል፤ ሆድም ይነፋል። ስለዚህ በብዙ ሰዎች ዘንድ ድርቀቱና መነፋቱ የአንድ ነገር ሁለት ገጽ ናቸው።

ታዲያ ውኃ መጠጣት ብቻውን ይፈውሳልን? በዚህ ረገድ ከልምድ አልፈን የተመረመረውን ማወቅ ይገባናል። በ1990 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በታተመ ጥናት ጤናማ የሆኑ 8 ወንዶች በቀን ይጠጡት የነበረው ከ2.5 ሊትር በላይ ፈሳሽ ለአንድ ሳምንት ከግማሽ ሊትር በታች እንዲሆን ተደረገ፤ በሳምንት 7 ጊዜ ያህል ይወጡ የነበሩትም ወደ 5 ጊዜ ያህል ወረዱ። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በበቂ ሁኔታ ለሚጠጡ ጤናማ ሰዎች ተጨማሪ ፈሳሽ መስጠት የዐይነ ምድራቸውን መጠን እንዳልጨመረ አሳየ። በሁለቱ መካከል በ1998 እ.ኤ.አ. በኢጣሊያ የተደረገ ጥናት አለ። ሥር የሰደደ የሆድ ድርቀት ያለባቸው ሰዎች ሁሉ በቀን 25 ግራም ያህል አሰር ያለበት ምግብ ሲሰጣቸው፣ ከእነርሱ መካከል 2 ሊትር ውኃ እንዲጠጡ የተደረጉት እንደ ፈቀዳቸው ከጠጡት ይልቅ ተሻሻሉ።

ከሦስቱ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የውኃ ጉድለት ያደርቃል፤ ለጠገበ ሰው ውኃ መጨመር ግን ሽንቱን ከማብዛት አያልፍም፤ ውኃና አሰር ሲተባበሩ ደግሞ ውጤት ይገኛል።

አሰር የምንለው በአንጀት የማይፈጨውንና ውኃ ይዞ ዐይነ ምድሩን የሚያሳብጠውን የእህል፣ የአትክልትና የፍራፍሬ ክፍል ነው። የአገራችን ማዕድ በዚህ ድሀ አይደለም፤ ጤፉ፣ ገብሱ፣ ባቄላው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ሁሉ አሰር አላቸው። ነገር ግን አሰር ያለ ውኃ ወዳጅነቱን ያጣል። ቀኑን ሙሉ ቆሎ እየቆረጠመ ውኃ የማይነካ ሰው ሆዱ ቢነፋ አያስደንቅም። ተልባን ለአብነት እንውሰድ። ተልባ በውኃ ሲዘፈዘፍ የሚያሙለጨልጭ ልጋግ ያወጣል፤ እናቶቻችን ለደረቀ ሆድ የሚመክሩትም ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም በበቂ ውኃ መወሰድ አለበት፤ በደረቁ ከተወሰደ ራሱ ውኃ ፈላጊ ይሆናል። መጠኑም ቀስ በቀስ ይጨመር። በድንገት ብዙ አሰር የተጫነበት አንጀት በአየር ይሞላልና።

ሽሮን፣ ክክንና ምስርን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ እህሎች ትንሹ አንጀት የማይፈጨው የስኳር ዓይነት ስላላቸው አየር ያበዛሉ። ባቄላውንና አተሩን አሳድሮ መዘፍዘፍና የተዘፈዘፈበትን ውኃ መድፋት ይህን ይቀንሰዋል። ጋዝ ያለው ውኃም ለአንዳንዱ ሰው በግሣት እፎይታ ይሰጣል፤ ሆዱ ለሚነፋው ግን ተጨማሪ አየር ማስገባት ስለሆነ ተራውን ውኃ መምረጥ ይሻላል።

ምን ያህል ይጠጣ? የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሴት በቀን 2 ሊትር፣ ለአዋቂ ወንድ 2.5 ሊትር ፈሳሽ በቂ እንደሆነ ገልጿል። ይህ ልክ ከምግብ የሚገኘውን ውኃ ጭምር የሚያጠቃልልና ለመካከለኛ አየር ጠባይ የታሰበ ነው፤ በቆላ በፀሐይ የሚሠራ ገበሬ ወይም የምታጠባ እናት ከዚህ የበለጠ ያስፈልጋቸዋል። በሊትር መቁጠር ለማይቀናው በሽተኛችን ግን የሽንቱን መልክ እንዲያይ መንገር ይበቃል። ሽንቱ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ መልካም ነው፤ ከጠቆረና ካነሰ ውኃ ጎድሏል። አረጋውያን የጥም ስሜታቸው ስለሚደክም ጥም እስኪሰማቸው እንዳይጠብቁ እንምከራቸው።

ጾመኛውንም «ጾምዎን ይተዉ» ብለን መጀመር አይገባንም። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ምእመንም ሆነ በረመዳን እስከ ፀሐይ መግቢያ የሚጾም ሙስሊም፣ ውኃውን በተፈቀደለት ሰዓት ከፋፍሎ ሊጠጣ ይችላል። አንድ ጊዜ ብዙ ከመጋት በየመካከሉ አንድ አንድ ብርጭቆ ይበልጣል። ምግብ ከተበላ በኋላ ትልቁ አንጀት በተፈጥሮው ስለሚነቃቃ፣ ከምግብ በኋላ ጥቂት ጊዜ ወስዶ ወደ መጸዳጃ ቤት መሄድን ልማድ ማድረግ ይጠቅማል። የመጣን ስሜት ደጋግሞ መግታት ግን አንጀትን ዝምታ ያስተምረዋል።

አሁን ቀልድ ወደማይገባበት ነጥብ እደርሳለሁ። የሆድ ድርቀት ሁሉ የውኃ ጉድለት አይደለም። የብረት ክኒን የምትወስድ ነፍሰ ጡር፣ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ የሚወስድ በሽተኛ፣ የእንቅርት ዕጢው ሥራ የቀነሰበት ሰው በሌላ ምክንያት ሊደርቁ ይችላሉ። ልበ ድካምና የኩላሊት ሕመም ያለበትን ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ «አብዝተህ ጠጣ» ማለት አደጋ ነው። ዐይነ ምድር ላይ ደም ከታየ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ ደም ማነስ ካለ፣ ወይም ድርቀቱ በጎልማሳ ዕድሜ በድንገት ከጀመረ ምርመራ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሆዱ በድንገት ተነፍቶ፣ ቁርጠት ይዞት፣ ዐይነ ምድርም አየርም አላልፍ ያለው ሰው ሲመጣ ክኒንም ውኃም አንስጠው። የትልቁ አንጀት መጠምዘዝ በአገራችን የቀዶ ሕክምና ክፍሎች በሚገባ የታወቀ የአንጀት መዘጋት ምክንያት ነው፤ የሰዓታት መዘግየት አንጀቱን ሊያሞተው ይችላል። የእኛ ድርሻ ሳንዘገይ ወደ ሆስፒታል መላክ ነው።

ባልደረቦቼ፤ ንግግሬን ከመፈጸሜ በፊት መስተዋቱን ወደ ራሳችን ላዙር። እኒያን እናት ባስታወስሁ ቁጥር የራሴ የሌሊት ተራ ይታሰበኛል። ከማታ እስከ ንጋት አንድ ብርጭቆ ውኃ ሳልቀምስ ያሳለፍሁት ሌሊት ብዙ ነው። ምክንያቱም ከእርሳቸው ምክንያት አይለይም፤ ክፍሉን የምተውለት ሰው የለም፣ የሠራተኛው መጸዳጃ ቤት ሩቅ ነው፣ ቁልፉም አይገኝም። ስንቶቻችን በሽተኛውን «ውኃ ይጠጡ» እያልን ራሳችን ደርቀን እንውላለን? እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ሆዱ ተነፍቶ ቀበቶውን እያላላ፣ ራሱን እያመመው ተራውን የጨረሰ የለም ቢባል አላምንም።

ስለሆነም ሁለት ነገር ለጉባኤው አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የሆድ ድርቀት ለነገረን ሰው ሁሉ ክኒን ከመስጠታችን በፊት አራት ጥያቄ እናቅርብ፦ የሚያሰጋ ምልክት አለ ወይ? ምን ይበላል? መቼና ምን ያህል ይጠጣል? ወዴትስ ይወጣል? ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሁለተኛ፣ ማኅበራችን ስለ ሠራተኛው ደኅንነት ከሥራ ኃላፊዎች ጋር በሚነጋገርበት ጊዜ በየክፍሉ ንጹሕ የመጠጥ ውኃና በአቅራቢያው ንጹሕ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ መጸዳጃ ቤት መኖሩን እንደ ቅንጦት ሳይሆን እንደ ሥራ መሣሪያ ቆጥሮ ይጠይቅ።

የእኒያን እናት ፍጻሜ ሳልነግራችሁ አልወርድም። አንጋፋዋ ነርስ የሰጡአቸው ምክር ቀላል ነበር። ጾማቸውን ሲፈቱ ሁለት ብርጭቆ፣ ከዚያም ፀሐይ እስክትጠልቅ በየመካከሉ አንድ አንድ ብርጭቆ እንዲጠጡ፤ የተዘፈዘፈ ተልባ እንዲጨምሩ፤ ለሌሊት ደግሞ ልጃቸው ክዳን ያለው ፖፖ እንድትገዛላቸው። ከፋሲካ በኋላ ለደም ግፊታቸው ክትትል ሲመጡ ስለ ሆዳቸው ጠየቅኋቸው። «እሱንማ ረሳሁት» አሉኝ። እኔ ግን አልረሳሁትም። ክኒኑን ሁለት ጊዜ የሰጠሁት እኔ ነበርሁና።