ከባለሙያነት ወደ ቡድን መሪነት፦ ለደረጃ ዕድገት መዘጋጀት

(በፋኩልቲው ለሕዝብ ክፍት በሆነው የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



የንግግሩ ማስታወቂያ ሲለጠፍ አንድ የቀድሞ ባልደረባዬ አንብቦት፣ «ለዕድገት መዘጋጀት ማለት አለቃን ማወቅ ነው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሰህ ትወርዳለህ» አለኝ። ቀልድ ነው። ቀልዱን የወለደው ልምድ ግን ቀልድ ስላልሆነ ከእርሱው ልጀምር።

ቀደም ባለው ዘመን ሹመት የፈለገ ሰው ደጅ ይጠና ነበር። በጌታው ደጃፍ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይመላለሳል፤ ሲወጡ እጅ ይነሳል፣ ሲጓዙ ያጅባል። ይህን ልማድ በልምምጥነቱ ብቻ መንቀፍ አይገባም፤ የቅጥር መዝገብና የትምህርት ማስረጃ ባልነበረበት ጊዜ የሰው ትዕግሥትና ታማኝነት የሚመዘንበት ሌላ መንገድ ብዙ አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ፤ በ1950ዎቹ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር በአንድ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ሥር መዋል ጀመረ። በሕግ ደረጃ መንገዱ ከደጃፍ ወደ መዝገብ ተሸጋገረ ማለት ነው። በአእምሯችን ግን ሽግግሩ ገና ያለቀ አይመስለኝም። አንዳንዶቻችን ዛሬም በቢሮ በር ላይ ደጅ እንጠናለን። ሌሎቻችን፣ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ፣ ደጅ ጠኚ ላለመባል ስንል ጭራሽ አፋችንን እንዘጋለን። «ሥራዬ ይናገርልኝ» እንላለን። ሥራ ግን በራሱ አይናገርም፤ የሚናገርለት ወረቀት ወይም ሰው ይፈልጋል።

ወረቀቱን በአጭሩ ልለፈው። ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የበጀት ባለሙያ ሳለሁ ለከፍተኛ ባለሙያነት ተወዳድሬ ወደቅሁ። ምክንያቱን ስጠይቅ የሁለት ዓመት የሥራ ልምዴን የሚያሳየው ደብዳቤ ከግል ማኅደሬ ውስጥ የለም ተባልሁ። በእጄ ያስገባሁት ደብዳቤ ነው። ቅጂ ግን አላስቀረሁም ነበር። ቅሬታ አቀረብሁ፤ ኮሚቴው በያዘው ወረቀት እንጂ በትዝታዬ እንደማይወስን በትሕትና አስረዱኝ። ትክክል ነበሩ። ስለዚህ የደረጃ ዕድገት ማስታወቂያ ከመለጠፉ ቀደም ብላችሁ የሰው ሀብት ክፍል ሄዳችሁ ማኅደራችሁን እዩ። የልምድ ማስረጃው፣ የሥልጠናው ምስክር ወረቀት፣ በየስድስት ወሩ የተሞላው የሥራ አፈጻጸም ምዘና ሁሉም ተፈርሞበት መኖሩን አረጋግጡ። ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ያለው ጊዜ ጥቂት ቀን ነው፤ በዚያ ቀን ውስጥ የጠፋ ደብዳቤ አይገኝም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እገባለሁ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የደረጃ ዕድገትን ዓላማ ሲደነግግ ሁለት ነገሮችን ይጠቅስ ነበር፦ የመሥሪያ ቤቱን የሥራ ውጤት ማሻሻልና ሠራተኛውን ማትጋት። እኛ ሁለተኛውን ብቻ እናነባለን። ዕድገትን ላለፈው ድካማችን የሚከፈል ዋጋ አድርገን እንጠብቃለን፤ ስንቀርም «ይህን ያህል ዓመት ለፍቼ!» እንላለን። ዕድገት ግን ላለፈው ሥራ ምስጋና ከመሆኑ በፊት ለሌላ ሥራ መመደብ ነው። የነጥብ የሥራ ምዘና ዘዴ እንኳ የሚመዝነው የሥራ መደቡን እንጂ የተቀመጠበትን ሰው አይደለም። እንግዲያው የምትመኙትን መደብ የሥራ ዝርዝር ፈልጋችሁ አንብቡ። ከያዛችሁት ሥራ ጋር ስታስተያዩት ብዙውን ጊዜ የምታገኙት ብልጫ ያለውን ያንኑ ሥራ ሳይሆን ሌላ ዓይነት ሥራ ነው።

ይህን እኔ የተማርሁት ዘግይቼ ነው። ያ ወረቀት ከተስተካከለ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለቡድን መሪነት ስወዳደር የዳይሬክቶሬቱ ኃላፊ፣ «አንተ ከዚህ ወንበር ብትነሳ ሰኔ 30ን ማን ይዘጋልናል?» ብለው ጠየቁኝ። የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ሠንጠረዦች በእኔ ኮምፒዩተር፣ ቀመራቸውም በእኔ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። ጥያቄውን እንደ ሙገሳ ቆጥሬ ደስ አለኝ። የማላድግበትን ምክንያት እየነገሩኝ እንደ ነበር የገባኝ ቤቴ ገብቼ ካደርሁ በኋላ ነው። የማይተካ ሠራተኛ ከቦታው አይነሳም፤ ማንሳቱ ለአለቃው ኪሳራ ነውና።

በሚቀጥለው ዙር ተሳካልኝ። የከፋው ስሕተቴም ያኔ መጣ። ወንበሩን ቀየርሁ እንጂ ሥራውን አልቀየርሁም። በቡድኑ ውስጥ አምስት ባለሙያዎች ነበሩ፤ የጻፉትን ደብዳቤ ሁሉ እስከ ምሽት ተቀምጬ እንደ ገና እጽፈው ነበር። ጠንካራ መሪ የሆንሁ መስሎኝ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ሦስቱ ዝውውር ጠየቁ። ከመካከላቸው አንዲት ወጣት ባለሙያ ስትሰናበተኝ፣ «ጋሼ፣ እዚህ የጻፍሁት አንድም ደብዳቤ እንደጻፍሁት አልወጣም» አለችኝ። በቁጣ አልነበረም የተናገረችው፤ ለዚህም ነው ያልረሳሁት።

ይህ የእኔ ብቻ ችግር እንዳልሆነ በኋላ ሳነብ ተረዳሁ። ሎረንስ ፒተርና ሬይመንድ ሀል በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ሠራተኛ በያዘው ሥራ ጎበዝ ስለሆነ እያደገ ሄዶ በመጨረሻ የማይችለው ሥራ ላይ ሲደርስ እንደሚቆም በፌዝ መልክ ጽፈው ነበር። ፌዙን ሌሎች ከምር ፈተሹት። አለን ቤንሰን፣ ዳንየል ሊና ኬሊ ሹ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የ131 የአሜሪካ ኩባንያዎችን የሽያጭ ሠራተኞች መረጃ መርምረው፣ ብዙ የሸጡት ሠራተኞች ለኃላፊነት የመታጨት ዕድላቸው ከፍ ያለ ቢሆንም፣ በሥራቸው የተመደቡት ሰዎች ውጤት ግን እየቀነሰ እንደ ታየ አሳይተዋል። የእኛ ቢሮ የሽያጭ ቤት አይደለም፤ ነገሩን እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። ቢሆንም ያችን ወጣት ባለሙያ ሳስብ ጥናቱ ሩቅ አገር የተሠራ አይመስለኝም።

ታዲያ ዝግጅቱ ምን ይመስላል? ከማውቃቸው ሁሉ ጥሩ አድርገው የተዘጋጁት በዚያው መሥሪያ ቤት የነበሩ አንዲት እኅታችን ናቸው። ለውድድሩ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው ሥራቸውን ማደል ጀመሩ። የወር ሪፖርቱ እንዴት እንደሚዘጋጅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ደብተር ጻፉ፤ ቀጥሎም ሪፖርቱን ለጀማሪዎቹ ሰጥተው እርሳቸው ከጎን ተቀመጡ። ሲሳሳቱ ወዲያው እጃቸውን አይዘረጉም ነበር፤ ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በጀት ለማስረዳት ሲሄዱ ተራ በተራ አንዱን ይዘው ይሄዳሉ። በስብሰባ ማንም የማይፈልገውን ቃለ ጉባኤ መያዝ ፈቅደው ወሰዱ፤ በዚህም መሥሪያ ቤቱ እንዴት እንደሚወስን፣ የትኛው ጉዳይ የት ላይ እንደሚታገድ ከማናችንም በላይ አወቁ። አለቃቸው ለመስክ ሲወጡ በውክልና የሚሠሩት እርሳቸው ሆኑ። ሲያድጉ የቀድሞ ሥራቸው አንድ ቀን እንኳ አልተስተጓጎለም።

ደግሞም ጠየቁ። ይህን ነጥብ በተለይ እዚህ ያላችሁት ሴት ባለሙያዎች ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ለአለቃቸው ያሉትን አጫውተውኛል፦ «ወደፊት በቡድን መሪነት መወዳደር አስቤአለሁ፤ እርስዎ ሲያዩኝ የሚጎድለኝ ምንድን ነው?» ይህ ደጅ ጥናት አይደለም። ደጅ ጠኚ የሚለምነው ውለታ ነው፤ እርሳቸው የጠየቁት ጉድለታቸውን ነው። አለቃቸውም ለመመለስ ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ተብለው ተጠይቀው አያውቁም ነበርና። መልሱ፣ «በስብሰባ ላይ ከእርስዎ ከፍ ያለ ሰው ሲሳሳት ዝም ይላሉ» የሚል ነበር። አልጣማቸውም። ግን የሚሠሩበት ነገር አገኙ። ሴቶች ባለሙያዎች ከሥራ ሰዓት በኋላ በሚደረገው ጭውውት፣ በየሻይ ቤቱ፣ ብዙ ጊዜ አይገኙም፤ የቤት ኃላፊነት ይጠብቃቸዋል። ወሬውና ጥቆማው ደግሞ የሚያልፈው በዚያ ነው። በግልጽ መጠየቅ ይህን ልዩነት ሙሉ በሙሉ ባያጠፋውም ያጠበዋል።

ሁሉን አድርጋችሁ ልትቀሩ ትችላላችሁ። አድልዎ የለም ብዬ አልዋሻችሁም፤ ቅሬታ የማቅረብ መብት በሕግ የተቀመጠው በምክንያት ነው፤ ተጠቀሙበት። ስትጠቀሙበት ግን የተመረጠውን ሰው ሳይሆን ውሳኔውን ክሰሱ። ነገ ከዚያ ሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ትቀመጣላችሁ፤ ምናልባትም በሥሩ።

ያች ወጣት ባለሙያ ዛሬ በሌላ መሥሪያ ቤት ዳይሬክተር ናት። ባለፈው ዓመት በአንድ ዐውደ ጥናት ላይ አግኝቻት ስለ ደብዳቤዎቹ ይቅርታ ጠየቅኋት። ሳቀችና፣ «እኔም አሁን እጄን ይበላኛል፣ ጋሼ» አለችኝ።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከኋላ ካሉት እንጀምር።