«የልጆች ጨዋታ ነው» ለሚሉ ወላጆች

የዛሬው ርዕሳችን ተማሪዎች በትምህርት ቤት እርስ በርሳቸው የሚፈጽሙት በደል ነው፤ ስድቡ፣ ማግለሉ፣ ለከፋው፣ ጉልበተኝነቱ።

በቅርቡ አንዲት እናት የአሥር ዓመት ልጃቸውን ይዘው ወደ መስጂድ መጡ። ልጁ በየጠዋቱ «ሆዴን ያመኛል» ይላል፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ደህና ነው። ሩቅያ እንዲደረግለት ፈልገው ነበር። ሩቅያው መልካም ነው፤ ይሁንና ሰኞ መጥቶ ዓርብ ማታ የሚሄድ ጂን አላውቅም። ብቻውን ሳናግረው ነገሩ ወጣ። ሲናገር ይንተባተባል፤ መምህሩ አንብብ ሲሉት ከኋላ ሆነው አነጋገሩን እያስመሰሉ ይስቁበታል። ስሙን ትተው «ኮልታፋ» ይሉታል፤ ምሳ ዕቃውን ይደብቁበታል። ይህን ከሚያደርጉት ሁለቱ በእኛው መድረሳ የሚቀሩ ልጆች ናቸው። ለወላጆቻቸው ሲነገር አንደኛው አባት «የልጆች ጨዋታ ነው» አሉ።

ጨዋታ ሁለቱም ወገን የሚስቅበት ነው። አላህ በሱረቱል ሑጁራት 11ኛ አንቀጽ መሳለቅን፣ ማነወርንና በመጥፎ ስም መጠራራትን ከልክሏል፤ ወንዶቹን ካነሣ በኋላ ሴቶቹንም ለብቻ አንሥቷል። ነቢዩላህ ሙሳም (ዐ.ሰ) ወደ ፊርዐውን ሲላኩ የምላሳቸው ቋጠሮ እንዲፈታላቸው አላህን መለመናቸውን ለዚያ ልጅ ነገርኩት። አቡዘር (ረ.ዐ) አንድን ሰው በእናቱ ባነወሩ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የጃሂሊያ ጠባይ እንዳለባቸው እንደነገሯቸው ቡኻሪ ዘግበዋል። በብሔሩ፣ በመልኩ ወይም «የሸክላ ሠሪ ልጅ» እያሉ በወላጁ ሙያ ልጅን ማሸማቀቅ ከዚሁ የሚቆጠር ነው። የልጃችን ሂጃብ ሲጎተት እንደምንቆጣ፣ የክርስቲያን ጎረቤታችን ልጅ ማተብ ሲጎተትም ልንቆጣ ይገባል።

ነገሩ የአንድ ሰፈር ብቻ አይደለም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት መሠረት ከዓለም ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ በአንድ ወር ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ በእኩዮቻቸው ተጎሳቁለዋል።

አሁን ወደ ደንቡ እንምጣ። በምዝገባ ቀን የትምህርት ቤቱ መተዳደሪያ ደንብ ይሰጠናል፤ ብዙዎቻችን ሳናነብ እንፈርማለን። እባካችሁ አንብቡት። ድብድብን ብቻ የሚቀጣ ደንብ፣ ወር ሙሉ ሲሰደብ ከርሞ አንድ ቀን ቡጢ የሰነዘረውን ልጅ አባሮ ተሳዳቢውን በነፃ ይለቃል። ስድብን፣ ማግለልን፣ ሴት ልጆችን መልከፍን፣ በቴሌግራም ፎቶ እየለጠፉ መሳለቅን በስም መጥቀስ አለበት። ልጁ ለማን እንደሚናገር፣ የተናገረም እንዳይበቀሉት ምን እንደሚደረግ ሊጻፍ ይገባል። ሁለቱን በአንድ ቢሮ አቁሞ «ይቅር ተባባሉ» ብሎ አጨባብጦ መሸኘትም እርቅ አይባልም። የተበደለው ልጅ በዳዩ ፊት እውነቱን አይናገርም፤ ሁለቱ ለየብቻ መጠየቅ አለባቸው። በዳዩንም በዱላ ማስተካከል አይቻልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳና ከጭካኔ ቅጣት እንዲጠበቁ ደንግጓል። ደግሞም ጉልበተኛ ልጅ ሲደበደብ የሚማረው ጉልበት እንደሚሠራ ነው።

ልጃችሁ ከተበደለ ቀኑን፣ ቦታውንና የተባለውን ጻፉ። በመጀመሪያ ለክፍል ኃላፊ መምህሩ፣ ካልተፈታ ለዳይሬክተሩ፣ ከዚያም ለወላጅ መምህር ኅብረት በጽሑፍ አቅርቡ። በር ላይ ጠብቃችሁ የሰው ልጅ አትምቱ።

የከበደው ግን የኛ ልጅ በዳይ ሲሆን ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወንድምህን በዳይም ሆነ ተበዳይ እርዳው ማለታቸውን እናውቃለን፤ ሶሓቦች በዳይ እንዴት እንደሚረዳ ሲጠይቁ፣ ከበደሉ በመከልከል እንደሆነ አስረድተዋል። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስትጠሩ ለመከራከር አትቸኩሉ። ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የደበቀውን ይመልስ፣ ያበላሸውን ከኪስ ገንዘቡ ይተካ፣ ያንን ልጅ በስሙ ይጥራው። ቅጽል ስሙን ከየት እንዳመጣውም ጠይቁት። ከመምህር ወይም ከእናንተው ቤት ከሆነ፣ ታላላቆቹ በቅድሚያ መናገር የሚገባቸው ለራሳቸው ነው። ከዚያም ለአንድ ወር በየሳምንቱ መምህሩን ጠይቁ።