ከጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ የክንድ እንቅስቃሴ



በኩልመስክና በላስታ ደጋ የቤቱ ሥራ በእናት ክንድ ላይ ነው፤ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መሸከም፣ ሊጥ ማቡካት። በጡት ካንሰር ምክንያት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት የተመለሰችን እናት «ክንድሽን አታንቀሳቅሺ» ማለት ከርኅራኄ የመነጨ ነው፤ ነገር ግን ፈጽሞ ያልተንቀሳቀሰ ክንድ ትከሻው ይደርቃል፣ ኃይሉም ይደክማል።

ሥጋቱ መሠረት አለው። የብብት ሊምፍ እጢዎች ሲወጡ ወይም በጨረር ሲታከሙ ፈሳሽ በክንድ ተጠራቅሞ ሊያብጥ ይችላል፤ ይህም ሊምፍዴማ ይባላል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የታተመ፣ ሊምፍዴማ ያለባቸው 141 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት፣ ጠበቅ ያለ የሕክምና እጅጌ ለብሶ፣ በባለሙያ ክትትል፣ ከቀላል ጀምሮ ቀስ በቀስ ክብደት ማንሣት እብጠቱን እንዳላባባሰ አሳይቷል። ስለዚህ ሐኪም ሲፈቅድ ጣትን መጨበጥና መዘርጋት፣ መዳፍን በግድግዳ ላይ ወደ ላይ ማስኬድ፣ በእግር መሄድ ይቀድማሉ፤ ሙሉ ጀሪካን ግን አይቀድምም።

ስግደትም መዳፍን መሬት ላይ አሳርፎ መነሣት በመሆኑ ክንድን ያከብደዋል፤ የንስሐ አባት የሐኪሙን ምክር ሰምቶ እንደ አቅሟ ይወስንላት።

ሰበካ ጉባኤያትን የምንጠይቀው ይህን ነው፦ ሐኪም እስኪፈቅድላት ውኃና እንጨት የሚያመጣላት ሰው ይመደብ። በዚያ ክንድ ዋግምትም ሆነ ብጣት አይደረግ፤ ከምጣድ ቃጠሎም ትጠንቀቅ። ክንዷ ቢያብጥ፣ ቢሞቅ ወይም ትኩሳት ቢሰማት ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ትወሰድ።

እናቶቻችንን ከሸክም እንጂ ከእንቅስቃሴ አንከልክላቸው።