አቮካዶ የሚበሰብሰው የት ነው?

(በገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየን የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አቮካዶ እ.ኤ.አ. በ1938 በሂርናና በወንዶ ገነት ከተተከለ ወዲህ ብዙ ተጉዟል። ዛሬ በሲዳማ፣ በወላይታና በጅማ ጓሮዎች ከቡናው ጋር ተሰባጥሮ ይገኛል። ፍሬው ገበያ ደርሶ ሲበሰብስ ግን ክርክር ይነሣል። ገበሬው ያስረከበው ጤነኛ ፍሬ እንደነበር ይምላል፤ ነጋዴው በሽተኛ ፍሬ እንደተሸጠለት ይናገራል። ሁለቱም አልዋሹም።

አንትራክኖስ የተባለውን በሽታ የሚያመጣው ኮሌቶትሪከም የተሰኘ ፈንገስ ፍሬውን የሚይዘው ገና ዛፉ ላይ ሳለ፣ በዝናብ ወቅት ነው። ከደረቀ ቅርንጫፍና ዛፉ ላይ ደርቆ ከቀረ ፍሬ በዝናብ ነጠብጣብ እየተፈናጠረ ልጣጩ ላይ ያርፋል። ጥቂት ሰርስሮ ከገባ በኋላ ግን ይቆማል፤ ጥሬው ልጣጭ ፈንገስን የሚገታ የራሱ ንጥረ ነገር አለውና። አቮካዶ ደግሞ ዛፉ ላይ አይለሰልስም፤ የሚበስለው ከተለቀመ በኋላ ነው። ያን ጊዜ መከላከያው ይቀንሳል፣ የተኛው ፈንገስ ይነቃል፣ ጥቁሩ ነጥብ እየሰፋ ወደ ሥጋው ይዘልቃል። በርክክቡ ዕለት ግን በዐይን የሚታይ ነገር አልነበረም።

ሌላው ብስባሴ የሚጀምረው ፍሬው ከተንጠለጠለበት ጫፍ ነው። ፍሬው ተጎትቶ ሲቀነጠስ የሚቀረው ቁስል ለፈንገስ ክፍት በር ነው። በዱላ መትቶ ማውረድ፣ እርጥብ ሳለ መልቀም፣ አፈር ላይ መከመርና በማዳበሪያ ከረጢት አጭቆ መጫን ጉዳቱን ያብሳሉ። ለቃሚው በጫነው ብዛት ብቻ በሚከፈልበት ቦታማ ጥንቃቄ ከየት ይመጣል?

የሚያስፈልገው ብዙ ወጪ አይደለም። የሞተው ቅርንጫፍ ከዝናቡ በፊት ተገርዞ ከማሳው ይወጣል። ፍሬው ጤዛው ከደረቀ በኋላ አጭር ዘንግ ቀርቶለት በመቀስ ይቆረጣል፤ በሳጥን ሆኖ ጥላ ሥር ይቆያል። መዳብ ያለበት የፈንገስ መድኃኒት የሚረዳው በሽታው ፍሬውን ሳይዝ ዛፉ ላይ ሲረጭ ነው። ለሐስ ዝርያ ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ማቀዝቀዣ ጠቃሚ ቢሆንም፣ ቅዝቃዜ ፈንገሱን ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም።

የሚከብደው የዋጋው ጉዳይ ነው። በመቀስ የተቆረጠውንና በዱላ የወረደውን በአንድ ዋጋ የሚቀበል ማኅበር፣ ጠንቃቃውን አባል የሌላውን ኪሳራ እያስከፈለው ነው። ለዚህም ከየአባሉ ርክክብ ጥቂት ፍሬ ስም ተጽፎበት መጋዘን ውስጥ ይቀመጥ። ሲለሰልስም ባለቤቱ ባለበት ይሰንጠቅና ይታይ።