የስኖውሞቢል መሪ ለምን አልታዘዝ ይላል?



የኮሚቴው ሰዎች ስለ ሥራዬ አንድ ነገር እንድናገር ሲጠይቁኝ ርእሴን ነገርኳቸውና ሳቁ። እውነታቸውን ነው። ግማሾቻችን በረዶ መሬት ሸፍኖ አይተን አናውቅም፤ ሚኒሶታና ካናዳ ያላችሁት ደግሞ በአካፋ ስትዝቁት ትከርማላችሁ። ነገሩ ግን ሁላችንም በሜካኒክስ ክፍል የተማርነው ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ታገሡኝ።

ስኖውሞቢል ከፊት ሁለት ስኪ፣ ከኋላ አንድ ሰፊ የላስቲክ ሰንሰለት ያለው፣ እንደ ሞተር ሳይክል ተቀምጠው የሚነዱት መኪና ነው። ባጃጅን ፊቱን ወደ ኋላ አዙራችሁ አስቡት። ሞተሩ የሚያዞረው ሰንሰለቱን ነው፤ ፍሬኑም የሚይዘው እሱኑ ነው። ስኪዎቹ ፊቱን ተሸክመው አቅጣጫ ያስይዛሉ።

የበረዶ መኪና ታሪክ በጨዋታ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1934 በካናዳ ኩቤክ የጆሴፍ አርማን ቦምባርዲዬ የሁለት ዓመት ልጅ ታመመ፤ መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ስለነበር ሐኪም ቤት ሳይደርስ ሞተ። አባትየው ከዚያ በፊትም በበረዶ ላይ የሚሄድ መኪና ለመሥራት ይሞክር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ሥራውን አጠበቀው። ሰንሰለት ያለው መኪናው በ1937 የፈጠራ መብት አገኘ፤ ትንሹ ስኪ-ዱ ደግሞ በ1959 ገበያ ላይ ዋለ። ዛሬ ብዙው ሰው የሚነዳው ለመዝናናት ነው፤ ቢሆንም በጠባብ የጫካ መንገድ ላይ መሪ አልታዘዝ ካለ ፊት ለፊት የሚጠብቀው ዛፍ ነው።

የነጂዎች አቤቱታ በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «መሪውን አጥፌው እሱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል» የሚል ነው። ሁለተኛው «ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ግራና ቀኝ ይቅበዘበዛል» የሚል ነው። የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ ሁለቱም ወደ አንድ ጥያቄ ይመልሱናል፦ ስኪዎቹ ላይ ያረፈው ክብደት ምን ያህል ነው? ካነሰ ስኪው በረዶውን አይነክስም። ከበዛ መሪው ይከብዳል፤ ስኪውም ከፊት ያለፈ ሰው የቀደደውን ቦይ ሁሉ እየተከተለ ይወሰዳል።

ቁጥሩን እንየው። 50 ሜትር ራዲየስ ባለው መታጠፊያ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ፣ ወደ ጎን የሚያስፈልገው ኃይል የጠቅላላ ክብደቱ 14 በመቶ ገደማ ነው። ፍጥነቱ 60 ሲሆን አራት እጥፍ ያድጋል፤ 57 በመቶ ይሆናል። የዚህን ኃይል የፊት ድርሻ የሚያመጣው ከስኪው ሥር የተገጠመው ብረትና ካርባይዱ፣ ማለትም ጠንካራው ምላጭ ነው። ምላጩ ስለት ቢኖረውም ከላይ የሚጫነው ክብደት ከሌለ ዋጋ የለውም።

ታዲያ ከየት ይጀመር? ከርካሹ። ፊቱን አንሥታችሁ ስኪዎቹን ወዝውዙ፤ ቴስቲናና ቡሽ ከላላ ሌላው ማስተካከያ ሁሉ ከንቱ ነው። ቀጥሎ ምላጩ ደንዝዞ ወይም ተጣምሞ እንደሆነ እዩ። ከዚያ አላይመንት፦ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ በሰንሰለቱ ጎን ቀጥ ያለ ዘንግ አስደግፉና ለኩ። የስኪዎቹ የፊት ጫፍ ከኋላቸው ይልቅ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ከፈት ይላል፤ አምራቹ የሰጠው ልክ ግን ይቀድማል። ጫፎቹ ወደ ውስጥ ከተቀራረቡ መቅበዝበዙ ይብሳል።

ክብደት ማከፋፈሉ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከሰንሰለቱ ውስጥ የፊተኛውን ክንድ የሚይዝ ቀበቶ አለ። ሲያጥር ክብደት ወደ ስኪዎቹ ይሄዳል፤ ሲረዝም ወደ ሰንሰለቱ ይመለሳል። የስኪዎቹን ሞላ ማጥበቅ ስኪዎቹን ያከብዳል፤ የሰንሰለቱን የፊት ሞላ ማጥበቅ ደግሞ ያቀላቸዋል። አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ በዚያው መንገድ ሞክሩ፣ ጻፉ። ሦስቱን በአንድ ቀን የነካካ ሰው መኪናው ቢሻሻልም እንኳ ምን እንዳሻሻለው አያውቅም።

ለሁሉም የሚሆን አንድ ልክ ግን የለም። ለተደለደለ መንገድ የሚሠሩት፣ በሁለቱ ስኪዎች መካከል ያለው ስፋት ወደ 108 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለተራራና ለጥልቅ በረዶ የሚሠሩት 90 ገደማ ናቸው። ሰፊው በቀላሉ አይገለበጥም። ጠባቡን ግን ነጂው በሰውነቱ አዘንብሎ ተራራውን ሊያቋርጥበት ይችላል። መረጋጋት በዋጋ ነው የሚገዛው።

ነጂውም የሸክሙ አካል ነው። በ2003 ሞዴል የወጣው ስኪ-ዱ ሬቭ ነጂውን ወደ ፊት፣ ወደ ክብደቱ ማዕከል አቅርቦ ስላስቀመጠው የብዙ ሰው አነዳድ ተለወጠ። ልምድ ያለው ሰው ከመታጠፉ በፊት ነዳጅ ይቀንሳል፤ ያኔ ክብደቱ ወደ ፊት መጥቶ ስኪዎቹን ይጫናቸዋል። መታጠፊያው መሐል ነዳጅ የሚሰጥ ግን ስኪዎቹን ያነሣል፤ መሪ ይዞ መሪ ያጣል።

እዚህ ላይ ለመምህራኖቻችን አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ባጃጅ የዚህ ግልባጭ ነው። ከፊት ያለው አንድ እግር ስለሆነ፣ ቁልቁለት ላይ እየታጠፈ ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደዚያ አንድ እግር ይሸሻል፤ የመገልበጥ አደጋውም ይጨምራል። ሦስት ሚዛን በሦስቱ ጎማ ሥር አስቀምጡ፤ ባዶውን፣ ከዚያም ተሳፋሪና ጓዝ ጭናችሁ መዝኑት። ተማሪዎቹ በስንት ፍጥነት እንደሚገለበጥ ራሳቸው ያስሉ። ውድ ላቦራቶሪ አይጠይቅም፤ መኪናውም ከግቢው በር ላይ ቆሟል። ከዚያ ስሌት የሚወጣው ምክር ደግሞ የሰው ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።

 መልካም የመገናኛ በዓል ይሁንልን።