መስቀለኛ ጥልፍ፦ ከእጅ ወደ እጅ

(አጭር የክራር ዜማ)

አቅራቢ፦ ከጎንደር ወደ ሰሜን ተራሮች ስንወጣ ዳባትን፣ ቀጥሎም ደባርቅን እናገኛለን። በዚህ ብርዳማ ደጋ ቡናው እስኪፈላ መርፌና ክር ለምታነሡ ሁሉ፣ የዛሬው ዝግጅት ስለ መስቀለኛ ጥልፍ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ድርና ማጉ የሚታይ፣ ወፈር ያለ ጨርቅ ምረጡ። ክሮቹን እየቆጠራችሁ አንዱን ስፌት ከታች ግራ ወደ ላይ ቀኝ ውሰዱ፤ ሁለተኛውን መስቀል እንዲሠራ በላዩ አሳልፉ። የላይኛው ስፌት ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛ፤ ያኔ ክሩ እኩል ያበራል። አጥብቃችሁ ከሳባችሁ ግን ጨርቁ ይኮማተራል።

ንድፉ በቆጠራ ስለሚሠራ፣ ጎረቤት አይታ ቆጥራ ትወስደዋለች፤ ልጅም ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ትለምደዋለች። የምታውቁትን ንድፍ አትሰስቱ፤ ጥልፍ የሚቆየው ሲያካፍሉት ነው።

(ዜማው ከፍ ይላል)