ስለ መላእክትና ስለ ሰማይ የተጻፈውን ስለ ማንበብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ኅዳር 12 ቀን የሊቀ መላእክት የቅዱስ ሚካኤል በዓል ሲደርስ፥ የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል ገና ሳይነጋ ነጭ ለብሶ ይነሣል። ወደ የካ ሚካኤልና ወደ ቦሌ ሚካኤል የሚጐርፈው ሕዝብ ብዙ ነው። በዚያ ቀን ስለ መላእክት ይዘመራል፤ ስለ መላእክት ይሰበካል፤ ከቅዳሴም በኋላ በየቤቱ ስለ መላእክት ይጠየቃል። መጠየቅ መልካም ነው። ነገር ግን ጥያቄው ወደ ክርክር፥ ክርክሩም ወደ ጠብ የሚደርስበት ጊዜ ስላለ፥ ዛሬ ስለዚህ ነገር ጥቂት ልንናገር ወደድን።

በቦሌ ሰፈር የሚኖሩ፥ በየወሩ በ12 የቅዱስ ሚካኤልን ጽዋ በአንድ ማኅበር የሚጠጡ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ከዕለታት አንድ ቀን ታናሹ የኦሪት ዘፍጥረትን ምዕራፍ 6 አንሥቶ፥ የሰውን ሴቶች ልጆች አገቡ የተባሉት የእግዚአብሔር ልጆች ከሰማይ የወረዱ መላእክት ናቸው አለ። ታላቁም «ይህ ክሕደት ነው» ብሎ ተቈጣ። ታናሹ «ጋሼ፥ መጽሐፈ ሄኖክን ሳታነብ አትፍረድ» ሲል መለሰለት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር ሙሉ፥ አንዱ ወደ ማኅበሩ ሲመጣ ሌላው የሚቀር ሆነ። በመጨረሻም እናታቸው ሁለቱን ይዘው ወደ እኛ መጡና፥ «መላእክት የሚያስታርቁ ናቸው ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ልጆቼን ያጣላሉ ብዬ ግን አላሰብሁም» አሉን።

እንግዲህ የሁለቱንም ቃል በደኅና እንመርምር።

የታናሹ ነገር ከባዶ የመጣ አይደለም። በመጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 1 የእግዚአብሔር ልጆች ተብለው በፊቱ የቆሙት መላእክት ናቸው። መጽሐፈ ሄኖክም ትጉሃን የተባሉ 200 ሆነው በአርሞን ተራራ ላይ እንደ ወረዱ ይናገራል። ሐዋርያው ይሁዳ በመልእክቱ ከሄኖክ ትንቢት ጠቅሷል። ከጥንት መምህራንም እንደ ዮስጢኖስ ያሉት ቃሉን ስለ መላእክት እንደ ተነገረ አድርገው ተቀብለውታል። ይህን መጽሐፍ ሌላው ዓለም ከእጁ ባጣው ጊዜ፥ ሙሉውን በግእዝ ጠብቃ ያቈየችው የእኛ ቤተ ክርስቲያን ናት። ተጓዡ ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ይዞ ወደ አውሮፓ የተመለሰው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1773 ነው፤ በ1952 ደግሞ በሙት ባሕር አጠገብ፥ በቁምራን ዋሻ በአራማይክ የተጻፉ ቍርጥራጮቹ ተገኝተው የመጽሐፉን ጥንታዊነት መስክረዋል። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ ሄኖክን ቢጠቅስ አያስደንቅም።

የታላቁም ነገር ጽኑ መሠረት አለው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 22፥ ከሙታን የሚነሡት እንደ መላእክት ስለሚሆኑ እንደማያገቡ አስተምሯል። መላእክት ረቂቃን ናቸው፤ ሥጋና ደም ስለሌላቸው ጋብቻና መውለድ የላቸውም። ስለዚህ ዮሐንስ አፈወርቅና ቄርሎስ፥ የእግዚአብሔር ልጆች የተባሉት የሴት ልጆች ናቸው ብለው ተረጐሙ። የአገራችን የትርጓሜ መምህራንም፥ በደብር ቅዱስ በንጽሕና ይኖሩ የነበሩት የሴት ልጆች በቃየል ልጆች ውበት ተስበው እንደ ወረዱ ያስተምራሉ።

ታዲያ ሄኖክ መላእክት ያላቸው እንዴት ሰዎች ይሆናሉ? እንል ይሆናል። መልአክ ማለት «ለአከ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው፤ የተላከ ማለት ነው። ነቢዩ ሚልክያስ በምዕራፍ 2 ካህኑን፥ በምዕራፍ 3 መንገድ ጠራጊውን ዮሐንስን በዚሁ ስም ጠርቷቸዋል። እኛስ የአድባራቱን አለቆች መልአከ ሰላም፥ መልአከ ብርሃን እያልን እንጠራ የለምን? የመነኰሳቱንስ ልብስ አስኬማ መላእክት እንል የለምን? ሰው በአገልግሎቱና በንጽሕናው የመላእክትን ስም ይለብሳል። የሴት ልጆችም እንዲሁ ናቸው።

የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ይህ ነው፤ እኛም በዚህ እንጸናለን። ነገር ግን ታናሹ ከሐዲ አልነበረም፤ አንዱን ገጽ አንብቦ ወደ ሌላው ገና ያልደረሰ ተማሪ ነበር። ታላቁም እውነቱን አነሣ፤ ወንድሙን ግን ጣለ።

ይህን ስንነጋገር የታላቁ ትንሽ ልጅ አብሮ ነበረና፥ «አባ፥ ከቦሌ የሚነሣው አውሮፕላን በመላእክት ከተማ በኩል ያልፋል ወይ?» ብሎ ጠየቀን። ትልልቆቹ ሣቁ፤ እኛ ግን አልሣቅንም። በቅዱስ መጽሐፍ ሰማይ የሚለው ቃል አንዳንድ ጊዜ አእዋፍ የሚበርሩበትን አየር፥ አንዳንድ ጊዜ ፀሐይና ከዋክብት ያሉበትን ጠፈር፥ አንዳንድ ጊዜም የእግዚአብሔርን ክብር የሚገልጸውን የማይታየውን ዓለም ያመለክታል። አውሮፕላን የሚወጣው ወደ ፊተኛው ብቻ ነው። ኢዮር፥ ራማና ኤረር የምንላቸው የመላእክት ከተሞች በክንድም በኪሎ ሜትርም አይለኩም። ቅዱስ ጳውሎስ እስከ ሦስተኛው ሰማይ ተነጥቆ ሳለ፥ በሥጋ ይሁን ያለ ሥጋ ይሁን እግዚአብሔር ያውቃል ብሎ ዝም አለ። የሄደው ዝም ካለ፥ ያልሄድነው እኛ ስለ ምን እንጮኻለን?

ስለዚህ፥ ወገኖቻችን ሆይ፥ ጨለማ የሚመስለውን ቃል ብርሃን በሆነው ቃል እናንብበው። ብቻችንንም አንፍረድ፤ ብሉዩን፥ ሐዲሱን፥ ሊቃውንቱንና መነኰሳቱን በአራቱ ጉባኤ የሚያስተምሩ መምህራን አሉንና እንጠይቅ። ደግሞም መምህራኑ ምሥጢሩን ሲተረጕሙ «አንድም» የሚሉትን ቃል እናስተውል። የመጀመሪያውን ትርጓሜ ሳያፈርሱ ሁለተኛውን በአጠገቡ ያኖራሉ፤ ሃይማኖት እንደ ቅጥር ሆኖ ከዙሪያው ይጠብቃቸዋል። በዚያ ቅጥር ውስጥ ሳለን መለያየትን አንፍራ፤ መጣላትን ግን እንፍራ።

የሴት ልጆች ምን አጡ? በከፍታ ላይ ሳሉ ምኞታቸውን ተከትለው ወረዱ። በክርስትና ስም ተጠርቶ በቍጣ ምክንያት ከወንድሙ ጽዋ የሚቀር ሰውም ከደብር ቅዱስ ወርዷል። ስለ ትጉሃን ማንነት ተከራክሮ ቢረታ፥ መውረዱ በእርሱ ላይ ከተፈጸመ ምን ይጠቅመዋል?

በሚቀጥለው ወር በ12 የማኅበሩ ተረኛ ታናሹ ነበር። ታላቁ ከሁሉ ቀድሞ እንደ ደረሰ እናታቸው ደስ ብሏቸው ነገሩን። ስለ ትጉሃን ገና ይጠያየቃሉ አሉ፤ አሁን ግን አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል።

የቅዱስ ሚካኤል ጥበቃ ከሁላችን ጋር ይሁን። የተጣላ ቢኖር ጽዋው ሳይደርስ ይታረቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።